በደብረ ብርሃን ብርድ ፕሮግራም ማክበር

ፕሮግራም ማውጣት የሚቸግረው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ማውጣቱንማ ሁላችንም እንችልበታለን። መስከረም ሲጠባ አዲስ ደብተር ይገዛል፣ በማስመሪያ ይሰመራል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ 11 ሰዓት ተኩል ስፖርት፣ 12 ሰዓት ተኩል ንባብ፣ 2 ሰዓት ሥራ እየተባለ እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ክፍት ቦታ ሳይቀር ይሞላል። አንዳንዱማ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ያሳምረዋል፣ ፎቶ አንስቶም ይለጥፈዋል። መስከረም ጥሩ ያልፋል። ጥቅምትም እንደምንም ያልፋል። ጉዱ ኅዳር ላይ ነው።

ሰሞኑን ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ፕሮግራም አወጣለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላው ሞራሌ ይሞታል፣ አንተ እንዴት ነው የምትቆይበት?» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ሞራል የሚባለውን ነገር ሒሳብ ውስጥ አላስገባውም። ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ሳይመጣም ሥራው ይሠራል። እንዲህ ስላቸው ግን ኩራት ይመስላቸዋል፣ ስለዚህ በደንብ ላፍታታው።

የመስከረሙ ሞራል ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ዳይ፣ ሚልክማንና ሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት የሳምንት፣ የወርና የዓመት መጀመሪያ ሰውን ለአዲስ ነገር እንደሚያነሳሳ አሳይተዋል። በእነዚህ ቀኖች ስፖርት ቤት የሚሄደው ሰው ይበዛል። እኛ ደግሞ በዚህ በኩል ሀብታሞች ነን። ዕንቁጣጣሽ አለልን፣ የፈረንጆቹም አዲስ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ይመጣልናል፣ ከፋሲካ ማግስት አለ፣ ደሞዝ የወጣ ሰሞን አለ። መነሻ አላጣንም። መነሻ ግን ማስነሳት እንጂ ማስኬድ አይችልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ደብረ ብርሃንን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ሲወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል፣ አንዳንድ ቀን ውጭ ያደረ ውሃ ላይ ስስ በረዶ ይታያል። ከተማችን ደግሞ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት። አገሩን ሁሉ ብርድ ልብስ ስታለብስ ኖራ እኛን ከውስጡ ውጡ ማለቷ፣ እንጃ፣ ትንሽ ግፍ አለበት።

እንግዲህ እዚህ ከተማ ኅዳር ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አላርም ሲጮህ፣ ፊታችሁን ሸፍናችሁ እጃችሁን ብቻ አውጥታችሁ ስልኩን ስትዳብሱ፣ ጣታችሁ ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካው፣ በዚያች ደቂቃ «ዛሬ ሞራል አለኝ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ምን ይባላል? መልሱ የታወቀ ነው። የለም። ማንም የለውም። ማታ ራቱን በልቶ፣ ሰውነቱ ሞቆት፣ «ከነገ ጀምሮማ» እያለ ደብተር ያሰመረው ሰውዬ ሌላ ነው፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሌላ ነው፣ ሁለቱም አይተዋወቁም። ጥያቄውን ራሱን ማስቀረት ይሻላል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የቤት አከራዬ ናቸው።

እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያቀርቡ እናት ናቸው። ደብተር የላቸውም፣ አላርምም ሲሞሉ አይቼ አላውቅም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ግን የማድ ቤቱ በር ሲጢጥ ይሰማል። ሻሻቸውን ግጥም አድርገው አስረው፣ ጋቢ ደርበው፣ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሊጡ በርሜል ነው። በርሜሉ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ ያድራል (ከእኔ የተሻለ ነው የሚተኛው)። ክዳኑን ገለጥ አድርገው በባትሪ ያዩታል፣ ያሸቱታል። ከዚያ እሳት። ከዚያ ምጣዱ እስኪግል ሰፌዱን ማራገፍ፣ ማሰሻውን ማዘጋጀት፣ ጎመን ዘሩን መውቀጥ። የመጀመሪያዋ እንጀራ ለሙከራ ናት፤ ዓይኗ ካልወጣ እሳቱ ይስተካከላል። ጎህ ሲቀድ እንጀራው ተደርድሮ ትኩስ ትኩሱ ይሸታል፣ 1 ሰዓት ሲሆን የባጃጁ ልጅ በር ላይ ጥሩንባ ይነፋል።

አንድ ሌሊት ለሽንት ስወጣ ማድ ቤት አገኘኋቸው። ውርጩ ለጉድ ነው። «እማማ፣ ዛሬ እንኳ ትንሽ ቢያርፉ ምን አለበት?» አልኳቸው። ማሰሻውን ከምጣዱ ላይ ሳያነሱ፣ ቀና ብለውም ሳያዩኝ፣ «ሊጡ ኩፍ ብሏል እኮ ልጄ። እኔ ብተኛ እሱ ይጠብቀኛል? ይኮመጥጣል እንጂ» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ «አንተስ ምን ያዞርሃል በዚህ ብርድ፣ ግባ!» ብለው አባረሩኝ።

ስለ ሞራል አንድም ቃል አልወጣቸውም። ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ የባጃጁ ልጅ ይመጣል፣ አለቀ። የሚያስነሳቸው ነገር ከራሳቸው ስሜት ውጭ ነው የተቀመጠው። ደስ ቢላቸውም ቢከፋቸውም ሊጡ ኩፍ ማለቱ አይቀርም።

ሌላ የምወድላቸው ነገር አለ። ፕሮግራማቸው እንደ ወራቱ ይለወጣል። በሙቀቱ ጊዜ ሌሊት ተነስተው አብሲት ቢጥሉ ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይልላቸዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ብርዱ ስለሚያዘገየው አብሲቱን ማታ ከመተኛታቸው በፊት ይጥላሉ፣ ማቡካቱንም ቀደም ያደርጉታል። «ባለፈው ወር እንዲህ ነበር የማደርገው» ብለው ከብርዱ ጋር እልህ አይጋቡም። እኛ ደግሞ መስከረም ላይ ያወጣነውን ፕሮግራም ታኅሣሥ ላይም እንዳለ ለመፈጸም እንሞክርና ሲያቅተን ሰነፍ ነኝ ብለን እንደመድማለን። ለብርዱ ወር የብርዱን ወር ፕሮግራም ማውጣት ማን ከለከለን?

እኔ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ፣ ቤት ሆኜ ነው የምሠራው። አለቃ የለኝም፣ የሰዓት ፊርማ የለም፣ ብዘገይ የሚቆርጥብኝ የለም። በጎን የርቀት ትምህርት እማራለሁ። ከውጭ ሲያዩት ነፃነት ይመስላል፣ ውስጡ ላለ ሰው ግን ቀኑ የት እንደገባ ሳይታወቅ የሚመሽበት ኑሮ ነው። ስለዚህ እኔም ኩፍ የሚል ነገር ፈለግሁ።

ያደረግሁት ቀላል ነው። ደንበኞቼ ደረሰኛቸውን በቴሌግራም በፈለጉት ሰዓት ይልኩልኝ ነበር። አሁን እያንዳንዳቸው ቀንና ሰዓት አላቸው፣ ደረሰኛቸውንም በአካል ነው የሚያመጡት። ሰኞ 3 ሰዓት የግንባታ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ በሬን ያንኳኳል። ሰው ቤቴ ይመጣል ማለት ደግሞ ቤቱ ተጠርጓል፣ እኔም ታጥቤያለሁ፣ ያለፈው ሳምንት ሥራውም አልቋል ማለት ነው፣ ምክንያቱም «ጋሼ፣ ያንተን ገና አልነካሁትም» ብዬ ፊት ለፊት ማየት አልችልም። ይሉኝታ ይይዘኛል። ይሉኝታ በአገራችን ብዙ ሰው ያበላሻል ተብሎ ይታማል፣ ሰርግ አስደግሶ ዕዳ ውስጥ ይከታል፣ እሱ እውነት ነው። ለፕሮግራም ግን ከሞራል ይልቅ ይሉኝታ ይታመናል።

ነገሩን በትልቁ ማየት የፈለገ ጾምን ይመልከት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የአንድ ሳምንት የስፖርት ፕሮግራም መጨረስ ያቃተው ሰው 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ሳይነካ ይቆያል፣ ብዙው ሰው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም። እምነቱ ነዋ ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ዋናው እሱ ነው፣ ከፕሮግራም ጋር ላስተካክለው አልፈልግም። ግን አያያዙን እዩልኝ። የሚገባበትና የሚፈታበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ቅበላ አለው፣ ሰው ተሰናብቶ ነው የሚገባው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ በያይነቱ ያቀርባል፣ የቅቤው ዕቃ ተከድኖ ቆጥ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ፈተናው ከዓይን ይርቃል። ጎረቤቱ፣ ቤተሰቡ፣ የሥራ ባልደረባው አብሮ ይጾማል። የታመመ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበትም አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ የንስሐ አባቱን ያማክራል። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ እያለ «ዛሬ የመጾም ሙድ ላይ አይደለሁም» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ ፕሮግራሜ ሁልጊዜ ማብቂያ ቀን አለው። «ከእንግዲህ ዕድሜ ልኬን በየቀኑ አነባለሁ» አልልም፣ ይከብዳል። የዘንድሮውን ከነቢያት ጾም ጋር አያያዝኩት፤ ኅዳር 15 ገባ፣ ገና ላይ ወጣ። ማብቂያ ያለው ነገር ሲከብድም ይቻላል፣ ቀኑ ይቆጠራላ። ካለቀ በኋላ ትንሽ አርፌ፣ የሠራውንና ያልሠራውን አይቼ ሌላ አወጣለሁ።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ሸዋ ሮቢት ነው የሚኖረው። የሰሜን ሸዋን መሬት ለማታውቁ፣ ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣሊያን የቦረቦረውን የጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ይዛችሁ ያንን ቁልቁለት ስትወርዱ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ብላችኋል። ጃኬታችሁን መንገድ ላይ አውልቃችሁ፣ ሹራባችሁንም አውልቃችሁ፣ እዚያ ስትደርሱ ላብ ነው። እሱ ጠዋት የመነሳት ችግር የለበትም፤ የእሱ ችግር ከ6 ሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ጭንቅላት አያሠራም። ስለዚህ ከባድ ከባዱን ሥራ ከ3 ሰዓት በፊት ይጨርሳል፣ ቀትር ላይ ያርፋል፣ አመሻሽ ላይ ይመለስበታል። የእኔ ደግሞ ግልብጡ ነው። ጠዋት ጣቴ ቆፈን ይዞት ኪቦርድ አይመታልኝም፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጀርባዬን ስታሞቀኝ፣ ከ3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቄ ነው። አንድ ዞን ውስጥ ሆነን የአንዳችን ፕሮግራም ለሌላው አይሠራም። ከዩቲዩብ የተቀዳ ፕሮግራምማ እንዴት ይሠራል፣ ማሞቂያ ባለው ቤት የሚኖር ሰው «በ11 ሰዓት ተነሳና ቀዝቃዛ ሻወር ውሰድ» ይላል፤ እስቲ ደብረ ብርሃን መጥቶ ይውሰድ!

በ11 ሰዓት መነሳት በራሱ ጽድቅ አይደለም። እኔ በብርዱ ወራት የምነሳው 12 ሰዓት ተኩል ነው፣ ከነጋ በኋላ። ደግነቱ የእኛ አገር ፀሐይ ጨዋ ናት፣ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፣ እንደ ሰሜን አውሮፓ በክረምት ጨለማ ውስጥ አታስነሳም። የጠዋት ብርሃን ደግሞ የሰውነትን ሰዓት የሚሞላው ዋናው ነገር ነው። ስለዚህ ተነስቼ መጀመሪያ የማደርገው በሩን ከፍቼ ግቢ መውጣት ነው፣ ጋቢዬን ተከናንቤም ቢሆን። ጋቢውና ወፍራሙ ካልሲ ማታውኑ ከትራሴ ሥር ይገባሉ፣ ጠዋት ሞቀው ይጠብቁኛል። ይህቺን ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ አትጎዱም።

በነገራችን ላይ፣ ብርድ ነው ብሎ የተቀጣጠለ ከሰል ክፍሉ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ ልሥራ ወይም ላጥና የሚል ሰው አለ። ተዉት። የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያሰኘ ይገድላል። ብርድ ልብስ ደርቦ መቀመጥ ይሻላል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። እኔና እሱ ጠዋት ጠዋት እንደዋወላለን። ረጅም ወሬ የለም። «ተነሳህ?» «ተነስቻለሁ።» ይዘጋል። መጀመሪያ ላይ ይህ በቂ መስሎን ነበር። ግን ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖም «ተነስቻለሁ» ማለት ይችላል፣ ድምፅን ማጥራት ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ አሁን ፎቶ ይጠይቀኛል፣ የተለኮሰ ምድጃ ወይም የተከፈተ ደብተር። እኔ ደግሞ ማታ የእሱን የሥራ ዝርዝር እጠይቃለሁ። ሞኝነት ይመስላል፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች የክብሪት እሳት ፎቶ ሲላላኩ። ግን ይሠራል።

ሌላው የሚሠራው ነገር ፕሮግራምን በሰዓት ብቻ ሳይሆን በሚሆን ነገር ላይ ማሰር ነው። ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመው ጽሑፍ አለ፤ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው፣ «አደርጋለሁ» ብሎ ብቻ ከወሰነው ይልቅ እንደሚፈጽም ያስረዳል። «በየቀኑ አነባለሁ» የሚለው ምንም አያስይዝም። «ከጎረቤት ያሉ ልጆች ለትምህርት ቤት ሲወጡና የግቢው በር ሲዘጋ ደብተሬን እከፍታለሁ» የሚለው ግን መያዣ አለው። የግቢው በር በየቀኑ ይዘጋል። የቅዳሴ ደወል ይሰማል፣ ቡና ይፈላል፣ የአዲስ አበባ መኪና ረዳት «አዲሳባ! አዲሳባ!» እያለ ይጣራል። ሰፈራችሁ ውስጥ እናንተ ብትተኙም በየቀኑ የሚሆን ነገር ሞልቷል፣ አንዱን ምረጡና ሥራችሁን እሱ ላይ እሰሩት። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ። እኔ «መብራት ሲጠፋ የወረቀት ደረሰኞችን በየቀናቸው እደረድራለሁ» ብዬ ወስኛለሁ። ድሮ መብራት ሲጠፋ ቀኑ አበቃ ይባል ነበር፤ አሁን ደረሰኝ መደርደር የምጠላው ሥራ ስለሆነ መብራት ኃይል ነው የሚያሠራኝ።

ፕሮግራም የሚገድለው ሌላው ነገር መጠቅጠቅ ነው። ሰው ሥራው የሚወስድበትን ጊዜ ሲገምት ሁልጊዜ ያሳንሳል። ቢውለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቁ። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ቀን ገደማ ብለው ገመቱ። የፈጀባቸው 55 ቀን ተኩል ነው። የሚገርመው፣ «ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ?» ተብለው የገመቱት እንኳ 49 ቀን ያህል ነበር፤ ከክፉው ግምታቸውም አለፈ። እነዚህ ለቅሶ የማይደርሱ፣ ዕድር የማይሰበሰቡ ፈረንጆች ናቸው። የእኛን ጨምሩበት።

እዚህ ላይ ነው ከሰው የተቀዳ ፕሮግራም ጉድ የሚሆነው። ለቅሶ የሚባል መስመር የለውም። እኛ ጋ ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ቀብር ይኬዳል፣ ከዚያም ማታ ማታ ለቅሶ ቤት ይታደራል ወይም ይመሻል። ቅዳሜ የገበያ ግርግር አለ፣ ወር በገባ ማኅበር አለ፣ 12 ሲሆን ሚካኤል፣ 21 ሲሆን ማርያም አለ፣ ከመንዝ ዘመድ በግ ይዞ ሲመጣ «ፕሮግራም አለኝ» ተብሎ አይሸኝም። ይህን ሁሉ እንደ እንቅፋት የሚያይ ሰው በየሳምንቱ ፕሮግራሙ ይፈርስበታል፣ ሲፈርስ ይናደዳል፣ ሲናደድ ደግሞ ሁሉንም ይተወዋል። እኔ ዕድርና ማኅበሩን ቀድሜ አስገባለሁ፣ ሥራ በቀረው ቦታ ላይ ይገባል። ከቀኑ ውስጥ ደግሞ ከ9 ሰዓት በኋላ ያለውን ምንም አልጽፍበትም። ባዶ ነው። ጠዋት ያላለቀው ይገባበታል፣ ለቅሶ ከመጣ ለቅሶ ይገባበታል፣ ምንም ካልመጣ በእግሬ ዞር ዞር እላለሁ። ባዶ ቦታ መተው ስንፍና የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ሙሉ የተሞላ ፕሮግራም ሳይ፣ ይህ ሰው ዘመድ የለውም ወይ እላለሁ።

ቢቀርስ? አንድ ቀን ማለቴ ነው። ይቀራል። ትታመማላችሁ፣ መንገድ ትሄዳላችሁ፣ እንዲያው ደብሯችሁም ይቀራል። ብዙ ሰው ፕሮግራሙን የሚያፈርሰው በቀረበት ቀን ሳይሆን በማግስቱ ነው፣ «በቃ ተበላሽቷል፣ ከሚቀጥለው ሰኞ እጀምራለሁ» ሲል። ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። 96 ሰዎች አንዳንድ አዲስ ልማድ እንዲይዙ ተደርጎ፣ ነገሩ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን ድረስ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አገኙ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። ስለዚህ ያ በየቦታው የሚወራው «21 ቀን ብቻ» የሚለው ነገር ብዙ ሰው ተስፋ አስቆርጧል፤ በ22ኛው ቀንም እንደከበደው ሲያይ የእኔ ነገር አይሆንም ብሎ ይተዋል። ከዚያው ጥናት ሌላው ነገር፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያበላሸው ነው። በማግስቱ እስከተመለሱ ድረስ።

ለዚህም አንድ ዘዴ አለኝ። እያንዳንዱ ሥራ ሁለት መጠን አለው፣ ሙሉና ቁራጭ። ንባብ ሙሉው አንድ ሰዓት ነው፣ ቁራጩ አንድ ገጽ። ስፖርት ሙሉው በእግር እስከ ከተማው ዳር ሄዶ መመለስ ነው፣ ቁራጩ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት። ጉንፋን የያዘኝ ቀን ቁራጩን አደርጋለሁ። ግድግዳዬ ላይ ያለው ካላንደር ላይ በሁለቱም ቀን ያው አንድ ምልክት ነው የማደርገው፣ ሙሉ ይሁን ቁራጭ አይለይም። አንድ ገጽ ማንበብ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ለትምህርቱ እምብዛም አይጠቅምም። ለነገ ግን ይጠቅማል፣ ነገ ስነሳ ከተቋረጠ ነገር ሳይሆን ካልተቋረጠ ነገር ነው የምቀጥለው።

ስለ ስልክ ብዙ አልልም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠዋት የማይነሳ ሰው ማታ ያልተኛ ሰው ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ቲክቶክ ማየት በዚህ ከተማ ትልቁ መዝናኛ ነው፣ ይሞቃል፣ ነፃ ነው፣ ማብቂያ የለውም። የእኔ ስልክ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ካለው ሶኬት ላይ ነው የሚያድረው። ሌሊት ልየው ብል ባዶ ሲሚንቶ በባዶ እግሬ መርገጥ አለብኝ። ብርዱ ጠዋት እንዳልነሳ የሚከለክለኝን ያህል ማታ ደግሞ ከስልኩ ይከለክለኛል፣ ተካክሰናል። ጠዋት አላርሙ ሲጮህ ግን ለማጥፋት መነሳት ግድ ነው፣ ከተነሳሁ ደግሞ ካልሲው እዚያው ነው።

አሁን ጥር ገብቷል። የብርዱ ፕሮግራም ገና ላይ ስላለቀ አዲስ ማውጣት አለብኝ፣ ጥር ደግሞ እንደምታውቁት የጥምቀትና የሰርግ ወር ነው። ቅዳሜና እሑድን ከፕሮግራሙ ጨርሶ ሰርዣቸዋለሁ፣ ንባቡን ወደ ማክሰኞና ሐሙስ ምሽት ወስጄዋለሁ፣ ስፖርቱን በቁራጩ ይዤዋለሁ። ያልተፈታው አንድ ነገር የሸዋ ሮቢቱ ጓደኛዬ ነው፤ የሚያገባው በዚሁ በጥር ነው። ጫጉላ ላይ ያለ ሰው በጠዋት ደውሎ «ተነሳህ?» አይለኝም፣ እኔም ልደውልለት አልደፍርም። ስለዚህ እስኪመለስ ተተኪ እፈልጋለሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ ወይም መንዲዳ ሆናችሁ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ። የተለኮሰ ምድጃ ፎቶ እጠይቃለሁ፣ የትናንቱን መላክ አይቻልም።